አንድ ፋይል፣ ሦስት ውጤት፦ የሊኒየር አልጀብራ ስላይድ በላቴክ ስለማዘጋጀት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ግቢ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሊኒየር አልጀብራ የሚያስተምሩ አንድ ወጣት መምህር ስላይዶቻቸውን በተለመደው የስላይድ ማዘጋጃ ፕሮግራም ይሠራሉ። ቤታቸው አሳምረው የጨረሱት ፋይል የመማሪያ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቀመሮቹ ከመስመራቸው ይወጣሉ፤ በአማርኛ የጨመሯቸው ማብራሪያዎችም ባዶ ሳጥን ሆነው ይቀራሉ። ባልደረቦቻቸው ላቴክን፣ ማለትም ጽሑፍና ቀመር በትእዛዝ የሚጻፍበትን የሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ መክረዋቸዋል። እሳቸውም ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ለመማር የሚጠይቀው ልፋት ያዋጣል ወይ? አማርኛው በትክክል ይወጣል ወይ? ተማሪዎች ፎቶ ኮፒ የሚያደርጉት ሀንዳውትስ ከዚያው ፋይል ሊገኝ ይችላል ወይ?

ለሦስቱም መልሴ አዎ ነው። የምጀምረው ግን ከመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነውና። አንድ ስላይድ በኤልሲዲ ግድግዳው ላይ የሚቆየው አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ፈተና ሲደርስ ተማሪው የሚያነበው፣ ለጓደኛው የሚያውሰው፣ ከሥሩ የሚያሰምርበት ከኮፒ ቤት ያወጣውን ወረቀት ነው። በፈተና ሰሞን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ የወጣ ሰው የኮፒ ቤቶቹን ሰልፍ አይቶታል። ስለዚህ ስላይድዎን ሲያዘጋጁ መጀመሪያ ወረቀቱን ያስቡ፤ ግድግዳው ሁለተኛ ይሁን። ላቴክን አጥብቄ የምመክርዎት ቀመር ስለሚያሳምር ብቻ አይደለም። ትምህርቱን አንድ ጊዜ ጽፈው ስላይዱን፣ ሀንዳውቱንና ሙሉ የመማሪያ ጽሑፉን ከአንድ ምንጭ ማውጣት ስለሚያስችልዎት ነው። በየዓመቱ የሚደጋገም ኮርስ ለያዘ መምህር ከዚህ የበለጠ እፎይታ አላውቅም፤ ምልክቱ የተሳሳተ አንድ ማትሪክስ በአንድ ቦታ ሲታረም በሦስቱም ላይ ይታረማል።

ፕሮግራሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ጠባዩን ለመረዳት ያግዛል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1977 የአንድ መጽሐፋቸው ሁለተኛ እትም የማረሚያ ገጾች ሲደርሷቸው የቀመሮቹ አቀማመጥ ከፊተኛው እትም አንሶ አገኙት። ሌላ ሰው ቢሆን ለአሳታሚው ቅሬታ ጽፎ ይተወው ነበር፤ እሳቸው ግን ቴክ የተባለውን የፊደል መልቀሚያ ፕሮግራም ሊሠሩ ተነሡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሌስሊ ላምፖርት በቴክ ላይ ላቴክን ገነቡ። ለስላይድ የምንጠቀምበትን ቢመርን ደግሞ ጀርመናዊው ቲል ታንታው እ.ኤ.አ. በ2003 የዶክትሬት ሥራቸውን ለማቅረብ ለራሳቸው አዘጋጁትና ለሌሎችም አካፈሉት። የሦስቱም ሐሳብ አንድ ነው። ከግቢዎ ብዙ ሳይርቅ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ደራሲው የሚያስረክበው የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ የእርሳስ ፊደሉን እያነሣ የሚደረድረው ፊደል ለቃሚው ነው። በላቴክም እንዲሁ እርስዎ «ይህ ትርጓሜ ነው፣ ይህ ቲዎረም ነው፣ ይህ ማረጋገጫ ነው» ይላሉ፤ የት እንደሚቀመጥ፣ የፊደሉ መጠን ስንት ነጥብ እንደሚሆን፣ ከላይ ምን ያህል ክፍተት እንደሚተው የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። ሳጥን በመዳፊት እየጎተቱ ማስተካከል የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ይህን ይቃወማል። ቆይቶ ግን የሚገኘው ነጻነት ትልቅ ነው፤ ሐሳብዎ ሁሉ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ የትእዛዞቹን ስም በአነጋገራቸው እጽፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል፣ አብዛኞቹም ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ ቀድሟቸው ነው የሚጻፉት።

መጀመሪያ ስለ ገጹ መጠን ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቢመር ስላይድን የሚያየው 128 ሚሊሜትር በ96 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ገጽ አድርጎ ነው። መደበኛው የፊደል መጠን 11 ነጥብ ነው። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ሰው «11 ነጥብ ለአዳራሽ እንዴት ይበቃል?» ብሎ ወዲያው ሊያሳድገው ይሞክራል። አያስፈልግም፤ ገጹ ግድግዳው ላይ ሲሰፋ ፊደሉም አብሮት ይሰፋል። የዚህ ትንሽ ገጽ ትልቁ ጥቅም ወረቀት ላይ ይታያል። በአግድም በተያዘ ኤ4 ወረቀት ላይ አራት ስላይድ ሲደረደር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቦታ 148 ሚሊሜትር ተኩል በ105 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ቀጭን ህዳግ ተትቶ እንኳ ስላይዱ ከሞላ ጎደል በተፈጥሮ መጠኑ ይታተማል፤ ተማሪው እንደ ተራ መጽሐፍ በ11 ነጥብ ያነበዋል። ስድስት ስላይድ በአንድ ገጽ ይጨመቅ ከተባለ ግን ህዳጉ ሳይታሰብ እንኳ ፊደሉ ወደ 9 ነጥብ ይወርዳል፤ የቀመር ንዑስ ቁጥሮችና የአማርኛ ቅጥያዎች በፎቶ ኮፒ ላይ መጥፋት የሚጀምሩት እዚያ ነው። አራት በአንድ ገጽ የሚለውን እንደ ደንብ ይያዙት። ፒጂኤፍ ፔጅስ የተባለው ጥቅል፣ ማለትም በላቴክ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ፣ አራቱን ራሱ ይደረድርልዎታል፤ ተማሪው ወይም የኮፒ ቤቱ ልጅ በማተሚያው ምርጫ እስኪያደርገው አይጠብቁ።

ሰፊውን ቅርጽ ልጠቀም ወይ የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቢመር በትእዛዝ 16 በ9 በሆነ ምጥጥን፣ ማለትም በ160 ሚሊሜትር በ90 ሚሊሜትር ገጽ መሥራት ይችላል። ለአዲስ ስክሪን ያምራል። ክፍልዎ ውስጥ የተሰቀለው ኤልሲዲ ግን የቆየና ምጥጥኑ 4 በ3 ከሆነ ሰፊው ስላይድ ከላይና ከታች ጥቁር መቀነት ትቶ ያንሳል፤ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠው ተማሪ ይጎዳል። በወረቀትም ላይ አራት በአንድ ገጽ ሲደረደር ከነህዳጉ ከ10 ነጥብ በታች ይሆናል። ስለዚህ የመረጡትን ቅርጽ ከመወሰንዎ በፊት የሚያስተምሩበትን ክፍል ኤልሲዲ አብርተው ይዩት።

አሁን ወደ ሀንዳውቱ። በስላይድ ላይ ነጥቦችን አንድ በአንድ ለማውጣት «ፖዝ» የሚል ትእዛዝ አለ። በውጤቱ ፒዲኤፍ ላይ ግን እያንዳንዱ ማቆሚያ አንድ ገጽ ይሆናል፤ አራት ጊዜ የቆመ ፍሬም (በፋይሉ ውስጥ የአንድ ስላይድ ጽሑፍ ማለት ነው) አምስት ገጽ ነው። ይህን ፒዲኤፍ እንዳለ በቴሌግራም ለተማሪዎች የላከ መምህር አንዱን ስላይድ አምስት ጊዜ እንዲያሳትሙ ፈርዶባቸዋል። ገጽ ቆጥሮ ለሚከፍል ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በክፍል ጓደኞቹ ቁጥር ደግሞ ያባዙት። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ የሰነዱ ዓይነት በሚጠራበት ቦታ፣ «ሀንዳውት» የሚለውን ምርጫ መጨመር። ያን ጊዜ ማቆሚያዎቹ ሁሉ ይታጠፉና እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ገጽ ይሆናል።

እዚህ ላይ የምትደበቅ አንዲት ወጥመድ አለች። «ኦንሊ» በሚለው ትእዛዝ በመጀመሪያው እርምጃ አንድ ሥዕል፣ በሁለተኛው ሌላ ሥዕል በዚያው ቦታ እያፈራረቁ ካሳዩ፣ በሀንዳውት ላይ ሁለቱም በአንድነት ይወጡና ገጹን ያጨናንቁታል። ምክንያቱም የእርምጃ ቁጥሮቹ የሚመለከቱት ለግድግዳ የሚሆነውን ውጤት ብቻ ነው፤ ለሀንዳውቱ ሌላ ነገር ካልተነገረው ሁሉንም ያሳያል። ከእርምጃው ቁጥር ቀጥሎ ቋሚ መስመር አስምረው «ሀንዳውት» ብለው ከሁለት ነጥብ በኋላ ዜሮ ከጻፉ ያ ክፍል ወረቀቱ ላይ አይወጣም።

ይህችው ዜሮ ለመምህር ትልቅ ሀብት ናት። «ኦንሊ» ያልታየውን ነገር ቦታም አይጠብቅለትም፤ «አንከቨር» የሚባለው ትእዛዝ ግን ነገሩን ይሸፍነዋል እንጂ ቦታውን አይወስድበትም። ስለዚህ መልሱን በ«አንከቨር» ውስጥ አስገብተው ለሀንዳውቱ ዜሮ ካሉት፣ ወረቀቱ ላይ ልክ መልሱን የሚያክል ባዶ ቦታ ይቀራል። ለምሳሌ የመጀመሪያ ረድፉ 2 እና 1፣ ሁለተኛ ረድፉ 1 እና 2 የሆነውን ማትሪክስ አይገን ቫልዩ ፈልጉ ብለዋል እንበል። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ክፍል ይመጣል፤ ማትሪክሱና ጥያቄው ታትመዋል፣ ከሥራቸው ባዶ ነው። እርስዎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ እሱም በወረቀቱ ይሠራል። ካበቃችሁ በኋላ 3 እና 1 የሚሉት መልሶች ግድግዳው ላይ ይገለጣሉ፤ ድምራቸው 4፣ ብዜታቸው 3 መሆኑን ከትሬሱና ከዲተርሚናንቱ ጋር ታመሳክራላችሁ። ተማሪው ይዞት የሚወጣው ሀንዳውት በገዛ እጁ የተሞላ ነው። ተማሪ እንዲጽፍበት ያልታሰበ የሂሳብ ሀንዳውት ግማሽ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጠመኔ እንዳይለዩም አደራ እላለሁ። ረድፍ በረድፍ የሚሄድ የማትሪክስ ማቅለል በስላይድ ሲፈስ ዓይን ይከተለዋል እንጂ እጅ አይማረውም። ስላይዱ ማትሪክሱን፣ የቲዎረሙን ትክክለኛ ቃል፣ የቬክተር ስፔሱን ሥዕል ይያዝ፤ ስሌቱ ለሰሌዳው ይተው። የቢመር መመሪያ ራሱ ለአንድ ፍሬም ከ20 እስከ 40 ቃል ይበቃል፣ ከ80 ቃል አይለፍ ይላል፤ በደቂቃም ከአንድ ፍሬም በላይ እንዳይታሰብ ይመክራል። ለሂሳብ ይህም ይበዛል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር አሥራ ሁለት ፍሬም ከሰሌዳ ሥራ ጋር ከበቂ በላይ ነው።

«ታዲያ ዝርዝሩ የት ይግባ?» ይሉኝ ይሆናል። ሦስተኛው ውጤት የሚመጣው እዚህ ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደውም እሱን ነው። ቢመር አርቲክል የሚባል ጥቅል አለ። በእሱ አማካይነት ያው ፋይል እንደ ተራ የላቴክ ጽሑፍ፣ በሙሉ ገጽ፣ በአንቀጽና በምዕራፍ ይወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱን በዋና ፋይል ውስጥ እንደ ድርሳን ሙሉ በሙሉ ይጽፋሉ፤ ማብራሪያው፣ የማረጋገጫው ዝርዝር፣ የቤት ሥራው ሁሉ እዚያ ነው። ግድግዳ ላይ መታየት ያለበትን ብቻ በ«ፍሬም» ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ይኖሩዎታል፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ዋናውን ፋይል ይጠሩታል። አንደኛው የሰነዱን ዓይነት ቢመር ብሎ «ከፍሬም ውጭ ያለውን ጽሑፍ ተወው» የሚለውን ምርጫ ይጨምርበታል፤ ስላይዱ ይወጣል። ሁለተኛው ዓይነቱን አርቲክል ብሎ የተባለውን ጥቅል ይጭናል፤ ሙሉው የመማሪያ ጽሑፍ ይወጣል። የቲዎረም ቁጥሮቹም ከአንድ ምንጭ ስለሚቆጠሩ፣ ቢመር ቁጥሩን እንዲያሳይ ካዘዙትና ቲዎረሞቹን ሁሉ በፍሬም ውስጥ እስካስቀመጡ ድረስ፣ «ቲዎረም 7ን ተመልከቱ» ሲሉ በስላይዱም በጽሑፉም አንድ ይሆናል። መምህሩ መጀመሪያ ስላይድ ሠርቶ በኋላ ማስታወሻ ለመጻፍ ሲያስብ ማስታወሻው ሳይጻፍ ይቀራል። መጀመሪያ ድርሳኑን ጽፎ ከውስጡ ፍሬም ሲመርጥ ግን የኮርሱ መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱን ይሠራል።

ወደ አማርኛው ልምጣ። ባዶ ሳጥኑ የሚመጣው የክፍሉ ኮምፒውተር የተጠቀሙበት የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ስለሌለው ነው። ላቴክ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ፊደሎቹን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ይህ ችግር ከነሥሩ ይጠፋል፤ ፍላሽዎን የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩ፣ ተማሪው በስልኩ ቢከፍተው፣ ያው ነው።

ፋይሉን ሲያዘጋጁ ግን ሞተሩን፣ ማለትም ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን ፕሮግራም፣ መምረጥ አለብዎት። የቆየው ፒዲኤፍ ላቴክ ለግዕዝ ፊደል አይመችም። ዚላቴክ ወይም ሉአላቴክ ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ዩኒኮድን በቀጥታ ያነባሉ፣ ኮምፒውተርዎ ላይ የተጫነውን ፊደልም ይጠራሉ። ለእርስዎ ጉዳይ፣ ማለትም እንግሊዝኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሚደባለቁበት ስላይድ፣ ሉአላቴክን እመርጣለሁ። ባቤል የተባለው የቋንቋ ጥቅል ከሉአላቴክ ጋር ሲሠራ የግዕዝ ፊደል ባየ ቁጥር ወደ አማርኛ ፊደል እንዲቀይር ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ከላይ ይጻፋል፣ ከዚያ በየቃሉ ምልክት ማድረግ የለም። በዚላቴክ ግን ለዚህ ተጨማሪ ጥቅል መጫን ወይም አማርኛውን በየቦታው ለይቶ ማመልከት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነጥብ ደግሞ ይኸውና። በተራ ጽሑፍ ውስጥ የሠራው የአማርኛ ፊደል ትእዛዝ ወደ ቢመር ሲዛወር አማርኛው ጨርሶ ይሰወራል፤ ስህተት ተብሎም ላይቆም ይችላል፣ ፊደሉ እንደጎደለ የሚናገረው ላቴክ የሥራውን ሂደት የሚጽፍበት የመዝገብ ፋይል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተራ ጽሑፍ የሚጠቀመው ባለ ጭራውን ዋናውን ፊደል ነው፤ ቢመር ግን ከመነሻው ጭራ የሌለውን፣ ሳንስ የሚባለውን ፊደል ይጠቀማል። ስለዚህ የአማርኛውን ፊደል ለዋናው ብቻ ከሰጡት ቢመር አያየውም። ለሳንሱም መስጠት አለብዎት።

የትኛውን ፊደል? ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይውሰዱ። በነጻ የሚገኝ ነው፣ ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለመጽሐፍ እጅግ የሚያምር ፊደል ነው፤ ነገር ግን ደማቅ ዓይነት ስለሌለው የስላይድ ርእስዎን ደማቅ አድርግ ቢሉት በተራው ውፍረት ይወጣል። ለሙሉው የመማሪያ ጽሑፍ አቢሲኒካን፣ ለስላይዱ ኖቶን ብል ደስ ይለኛል። የግዕዝ ፊደል ትንሽና ትልቅ የሚል ልዩነት ስለሌለው ከላቲን ጎን ሲቆም ገዝፎ ይታያል፤ በፊደል ጥሪው ላይ መጠኑን ወደ 0.9 ዝቅ ቢያደርጉት ሁለቱ ይስማማሉ። ከዚያ በታች ግን አይውረዱ። ሟ እና ማ፣ ቋ እና ቃ ከኋላ ረድፍ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው።

ሁለት የአጻጻፍ ነገሮች። አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝን ከፊታቸው ባዶ ቦታ ሳይተዉ ከቃሉ ጋር ያጣብቋቸው፤ ክፍተት ካገኘ ላቴክ አራት ነጥቡን ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ሊያወርደው ይችላል። አራት ነጥቡም የራሱ አንድ ምልክት ይሁን፤ ሁለት የላቲን ሁለት ነጥብ ተደርድረው አይተኩት። ሁለተኛ፣ አማርኛ ቃላት ረጃጅም ናቸውና ስላይዱን ለሁለት ዓምድ ከከፈሉት ጠባቡ ዓምድ ውስጥ መስመሩ ይሰባበራል። ቢመር ጽሑፉን በግራ አስተካክሎ ቀኙን ስለሚለቀው ክፍተቶቹ አይዘረጉም፤ አማርኛው የሚገባበት ዓምድ ስፋት ግን ከስላይዱ ግማሽ እንዳያንስ ይጠንቀቁ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ ማስታወሻ ካለዎት ገልብጠው ቢለጥፉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል፤ መቀየሪያ ይፈልጉ ወይም አጭር ከሆነ እንደገና ይጻፉት።

ስለ ቀለምና ጌጥ ብዙ አልልም። ቢመር በከተሞች ስም የተሰየሙ የገጽታ ዓይነቶች አሉት፤ ዋርሶ፣ ማድሪድ፣ በርሊን፣ ኮፐንሃገን ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዋርሶን ነው፤ ከላይና ከታች ደማቅ ሰማያዊ ንጣፍ ያለበትን። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ላይ ያ ንጣፍ ጥቁር ይሆናል፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ከስላይዱም የማይናቅ ቦታ ይወስዳል። ነጭ ጀርባ፣ ጥቁር ፊደል፣ አንድ የማጉያ ቀለም ይበቃል። የቀለም ገጽታዎቹ ብዙዎቹ የእንስሳት ስም አላቸው፤ በርግብ ስም የተሰየመው «ደቭ» ከሞላ ጎደል ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለሀንዳውቱ ይመቻል። ማጉያው ቀይ ከሆነ በፎቶ ኮፒ ከጥቁሩ አይለይምና ደማቅም ያድርጉት። ከታች በቀኝ የሚደረደሩትን ከስላይድ ወደ ስላይድ መሸጋገሪያ ትንንሽ ምልክቶች ያጥፏቸው፤ የገጽ ቁጥር ግን ይኑር፤ «መምህር፣ ስላይድ 9 ላይ ይመለሱልን» የሚባለው በእሱ ነው። ቢመር ቀመሩንም በሳንስ ፊደል ስለሚጽፈው ሂሳብ የለመደ ዓይን ይቸገራል፤ ለቀመሩ ብቻ ባለ ጭራውን ፊደል የሚመልስ የፊደል ገጽታ ስላለ ይጠቀሙበት።

አንድ ፍሬም ሲሞላ «ሽሪንክ» በሚባለው ምርጫ ጨምቀው ማስገባት ወይም ፍሬሙ ራሱን ወደሚቀጥለው ገጽ እንዲያፈስ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱንም አይንኩ። ፍሬሙ ሞላ ማለት ሁለት ሐሳብ በአንድ ላይ ተጭኗል ማለት ነው፤ ይክፈሉት፣ ወይም ግማሹን ወደ ድርሳኑ ያውጡት። ላቴክ ጽሑፉ ከገጹ ሲያልፍ በመዝገቡ ላይ ያስጠነቅቃል፤ ያን ማስጠንቀቂያ በየጊዜው ያንብቡ።

ስለ መጫን። ኢንተርኔትዎ አስተማማኝ ከሆነ ኦቨርሊፍ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ምንም ሳይጭኑ መጀመር ይችላሉ፤ በነጻው አገልግሎት ግን ለአንድ ኮምፓይል፣ ማለትም ፋይሉን አንድ ጊዜ ወደ ፒዲኤፍ ለመቀየር፣ የተመደበው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ የሴሚስተሩን ስላይድ ሁሉ በአንድ ፋይል አያከማቹ፤ በምዕራፍ ይከፋፍሉት። በራስዎ ኮምፒውተር ከሆነ ላቴክን ከነጥቅሎቹ የያዘውን ቴክ ላይቭን እመክራለሁ። ሙሉው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ከማውረድ ይልቅ ካለው ባልደረባ በፍላሽ ይቅዱት። ሚክቴክ የተባለው ሌላው ስብስብ ጥቅሎችን በሚያስፈልጉበት ሰዓት ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ለቅለት ሲባል ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ኔትወርክ በጠፋበት ማታ፣ ለነገ ጠዋት ክፍል እየተዘጋጁ ሳለ አንድ ጥቅል ጎድሎ ሊያቆምዎት ይችላል። ሉአላቴክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፊደሎች ሁሉ መዝግቦ ስለሚይዝ ይዘገያል፤ ተበላሸ ብለው አያቋርጡት።

ስህተት ሲመጣም አይደንግጡ። ቢመር ፍሬሙን በሙሉ አንድ ላይ ስለሚያነበው ስህተቱን የሚያመለክተው ፍሬሙ የሚያበቃበትን መስመር ጠቅሶ ነው፤ እውነተኛው ስህተት ከዚያ በላይ ውስጡ አለ። በየፍሬሙ ኮምፓይል ማድረግ ፍለጋውን ያሳጥራል። ፋይሉ ሲረዝም ደግሞ የሚሠሩበትን ፍሬም ስም ሰጥተው እሱ ብቻ እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ኮድ የሚያሳዩበት ፍሬም ካለ «ፍራጃይል» የሚል ምርጫ ሊኖረው ግድ ነው፤ ያለ እሱ አይሠራም።

ልፋቱ ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ለእርስዎ ያዋጣል። ኮርስዎ በቀመር የተሞላ ነው፣ በየዓመቱ ይመለሳል፣ ተማሪዎችዎም ወረቀት ይፈልጋሉ። ሥራዎ በፎቶግራፍና በቪዲዮ የተሞላ አንድ ጊዜ የሚቀርብ ገለጻ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ኮርሱን ላቴክ ከማያውቁ ሦስት መምህራን ጋር እየተጋሩ ፋይሉን ሁሉም የሚነካካው ቢሆን ኖሮ፣ የለመዱትን ፕሮግራም እንዳይለቁ እመክርዎት ነበር።

በሴሚስተሩ መካከል ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ላቴክ አይቀይሩ። የተዘጋጀው ስላይድ እንዳለ ይቀጥል፤ ከመሸጋገርዎ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ቢያስቀምጡት የሳጥኑ ችግር ለጊዜው ይቃለላል። ለሙከራ ገና ያልደረሱበትን አንድ ምዕራፍ ይምረጡ፤ አይገን ቫልዩ ቢሆን ሥዕልም ቀመርም ስላለው ጥሩ ነው። መጀመሪያ ድርሳኑን ይጻፉ፣ ከዚያ ፍሬሞቹን ይምረጡ፣ ሀንዳውቱን አራት በአንድ ገጽ አውጥተው አንዱን ቅጂ ኮፒ ቤት ወስደው በጥቁርና ነጭ ያስገልብጡት። ተማሪ የሚደርሰው የቅጂ ቅጂ ነውና የተገለበጠውን ደግሞ አንድ ጊዜ ያስገልብጡት። በዚያ ሁለተኛ ቅጂ ላይ የማይነበብ ንዑስ ቁጥር ወይም የደበዘዘ መስመር ካገኙ የሚታረመው እዚያው ዋናው ፋይል ላይ ነው።